የቀዩ ሙልሬዲ ሳጥን

ኔቭ ተርኬል የሚጠላው ነገር ብዙ ነው። ዳገት ይጠላል፣ የክረምት ጠዋት ይጠላል፣ ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር ማንበብ ይጠላል። ከሁሉ አብልጦ የሚጠላው ግን ሙልሬዲ ማማ የሚባለውን ኮረብታ ነው። ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀርቶታል፤ ዕድሜውን ሙሉ ከዚያ ኮረብታ ሥር ኖሮ አንድም ቀን አልወጣበትም። "ቅድመ አያቴን የገደለ ሽፍታ የመሸገበት ድንጋይ ላይ ወጥቼ ምን ልሠራ? ላጨበጭብ?" ይላል ለሚጠይቀው ሁሉ። ዋራንጊ ትንሽ ከተማ ስለሆነች የሚጠይቀው ሰው ካለቀ ቆይቷል።

እንግዲህ የዚህ ሰው የልብ ወዳጅ ማን ቢሆን ጥሩ ነው? የዚያው ሽፍታ የልጅ ልጅ ልጅ፣ ላንስ ሙልሬዲ።

ታሪኩን ዋራንጊ ውስጥ የማያውቅ ሕፃን የለም። አገሩ ገና የእንግሊዞች ቅኝ ግዛት ሳለ፣ ቀዩ ሙልሬዲ የሚሉት ጸጉረ ቀይ ጎረምሳ መጀመሪያ በግ ሰረቀ፣ ቀጥሎ ፈረስ ሰረቀ፣ በመጨረሻ የወርቅ ጋሪ አስቁሞ ዘረፈና ሸፈተ። ሊይዘው ብቻውን የወጣው ፖሊስ ኤሞስ ተርኬል ኮረብታው ላይ በጥይት ተመትቶ ቀረ። ሬሳው በፈረስ ተጭኖ ሲወርድ የደንብ ልብሱ ኮት ላይ የአንገቱ ቁልፍ አልነበረም። "ገድሎ ሲያበቃ ለጉራ ቆርጦ ወሰደው" ይላሉ ተርኬሎች። "ውሸት ነው፤ ኮቱ ድሮም ጎደሎ ነበር፤ ተርኬሎች መርፌ መያዝ መቼ ያውቃሉ?" ይላሉ ሙልሬዲዎች። እንዲህ ሲባባሉ ትውልድ አልፏል።

ኮቱ ዛሬም ድሮ ፍርድ ቤት በነበረው ሙዚየም መስታወት ውስጥ ተሰቅሏል። ኔቭን የሚያንገበግበው ይኼ ነው። ለሽፍታው ኮረብታ ተሰይሞለታል፣ መጠጥ ቤት ተሰይሞለታል፣ ዳቦ ቤቱ በስሙ የሥጋ ፓይ ይሸጣል። ፖሊሱ ግን ያለው አንድ ቁልፍ የጎደለው ኮት ብቻ ነው። ኔቭ ልጅ ሳለ አፍንጫውን መስታወቱ ላይ ለጥፎ የቀሩትን ቁልፎች ሲያይ ይውል ነበር፤ ዘውድ የተቀረጸባቸው፣ ክብ ክብ የነሐስ ቁልፎች።

በዚህ ቁልፍ የተነሳ ኔቭና ላንስ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ ተቧቅሰዋል። ላንስ ግራኝ ነውና ቡጢው ባልተጠበቀ በኩል መጥቶ የኔቭን ጥርስ አወለቀው። በማግስቱ አብረው የጥንቸል ጉድጓድ በድንጋይ ሊደፍኑ ሄዱ፤ ጥንቸል ሰብላቸውን የሚፈጅባቸው ገበሬዎች ለሥራው ሳንቲም ይጥሉላቸው ነበር። ያን ጊዜ "አንተ ሽፍታ"፣ "አንተ ፖሊስ" መባባል ጀመሩ። ሁለቱም አግብተው፣ ወልደው፣ ሚስቶቻቸውን ቀብረው እንኳ አልተዉትም።

ላንስ በስተርጅና አዲስ ጨዋታ ለመደ። ጂኦካሽ ይሉታል። አንዱ ሳጥን ይደብቅና ቦታውን ኢንተርኔት ላይ ያወጣል፤ ሌላው ስልኩን እያየ መጥቶ ይፈልጋል። ያገኘ ሰው ውስጡ ባለው ወረቀት ላይ ስሙን ይጽፋል። አንድ ነገር ከወሰደ የሚመጥን ነገር ይተካል። መጀመሪያ ላገኘ የተለየ ሽልማት ይቀመጥለታል። ከዚያ ለሳጥኑ ባለቤት አገኘሁት ብሎ መልእክት ይልካል፤ ሌላ ጥቅም የለውም። ላንስ ሳጥኑን ሙልሬዲ ማማ ላይ ደበቀና "የቀዩ ሙልሬዲ ሳጥን" ብሎ ስም አወጣለት። በዚያ ሰሞን ኔቭን መውጫ መግቢያ አሳጣው።

"ውጣና አግኘው። ሰው ሳይቀድምህ አንተ አግኘው።"

"ሽፍታ ላወድስ ዳገት አልወጣም።"

"አንድ ቀን ብቻ፣ አንተ ግትር!"

"ላንስ፣ ብትሞትም አልወጣም።"

ብዙም ሳይቆይ ላንስ ላይ ትራክተር ተገለበጠበት። ሁለት እግሩ ዳግም መሬት ላይረግጥ ቀረ። የመጀመሪያው የፈላጊ መልእክት የደረሰው ሆስፒታል ተኝቶ ሳለ ነው፤ ያነበበለትም ኔቭ ነው። ከብሪዝበን የመጣ ሰው እንዲህ ብሎ ነበር፦ "ሳጥኑ የለም፤ ሳይሰረቅ አይቀርም። ሌላው ፈላጊ ባዶ እጁን እንዳይመለስ የራሴን ሳጥን ትቼልሃለሁ፤ ምንም አይደል።" የዚህ ጨዋታ ሰዎች አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ገሚሱ ለደግነት፣ ገሚሱ አላገኘሁም ማለት እያሳፈረው። ላንስ ይህን ሲሰማ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኔቭ የእግሩ ሕመም ነው ብሎ ነርስ ጠራለት። ከዚያን ቀን ወዲህ ላንስ "ውጣ" የሚለውን ቃል ከአፉ አውጥቶ አያውቅም። ኔቭም ተገላገልኩ አለ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ይኸው ነው። ማክሰኞና ዓርብ ከሰዓት ኔቭ የዝንጅብል ብስኩቱን ይዞ ላንስ ወደገባበት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ይሄዳል፤ የላንስ ዓይንም እየደከመ ስለሄደ የፈላጊዎቹን መልእክት ያነብለታል። የላንስ ታብሌት መልእክት ገብቶለት ጢን ባለ ቁጥር ላንስ ከትራሱ ቀና ይላል። ኔቭ ለወዳጁ በዓለም ላይ የቀረለት ደስታ ይህች ጢን ናት ብሎ ያምን ነበር፤ ለዚህ ብሎ እየሰለቸውም ያነባል።

"'ደስ የሚል ቦታ ነው። ልጆቻችን ወደውታል። የአሻንጉሊት መኪና ወስደን እርሳስ አስቀመጥን።' አለቀ።"

"ምን ዓይነት ሳጥን ነው አሉ?"

"ሳጥን ነው አሉ።"

"ምን ዓይነት?"

"ላንስ፣ ሳጥን ሳጥን ነው። ብስኩትህን ብላ።"

ሁልጊዜ ይህንኑ ይጠይቃል፤ ኔቭም ሁልጊዜ ይህንኑ ይመልሳል። አንድን ነገር ደጋግሞ መጠየቅ የሽማግሌ ወግ ነው ብሎ ትቶታል፤ እሱም ራሱ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አድርጎ መነጽሬን ያያችሁ ይላልና።

ካለፈው በጋ ወዲህ ግን የሚመጣው መልእክት ሌላ ሆነ። "አላገኘሁትም።" "ፈልጌ አጣሁት።" "ምንም የለም።" በመጨረሻ በአንድ የሐምሌ ዓርብ፣ ጨዋታውን ከሚቆጣጠሩት ሰዎች ማስጠንቀቂያ መጣ። ሳጥኑ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልታደሰ ከካርታው ላይ ይሰረዛል ይላል። ወሩ ሊያልቅ ቀናት ቀርተውታል።

እውነቱን ለመናገር ኔቭ አንብቦ ሲጨርስ ቀለል አለው። ከእንግዲህ ማንበብ የለም፣ ምን ዓይነት ሳጥን የለም። ቀና ሲል ግን የላንስን ፊት አየ፤ ያየው ፊት አስደነገጠው።

"አንተ ፖሊስ" አለ ላንስ።

"አቤት፣ ሽፍታ።"

"አዲስ ሳጥን አድርግልኝ።"

"ማን? እኔ? በዚህ ጉልበት?"

"ሌላ ማን አለኝ?"

"ሱኒታን ላካት።"

የቤቱ አስታማሚ ሱኒታ የላንስን መድኃኒት እያዘጋጀች ነበር። ኔፓላዊት ናት፤ ሽማግሌን በባዶ ስሙ ጥሪ ቢሏትም አልሆነላትም። "እኔ ከፍታ ያዞረኛል፣ አባባ ኔቭ" አለች።

"ኔፓል ተወልደሽ?"

"ኔፓል የተወለደ ሁሉ ተራራ ላይ ይኖራል ያለዎት ማነው? እኔ ሜዳ ላይ ነው ያደግኩት። እርስዎ እዚሁ ከሥሩ ተወልደው አልወጡም አይደል እንዴ?"

ላንስ ሳቀና ሳሉ አላስጨርስ አለው። ሱኒታ ጀርባውን ደግፋ ይዛ እስኪበርድለት ጠበቀች። ስትወጣ ላንስ ወደ ኔቭ ዞረ።

"ሐኪሙ ስለ ልቤ ያለውን ሰምተሃል" አለ።

"ሰምቻለሁ።"

"እንግዲያው አታስለምነኝ፣ ኔቭ።"

በስሙ ሲጠራው ኔቭ ነገሩ ከባድ መሆኑ ገባው። "አንድ ጊዜ ብቻ እወጣለሁ። ሁለተኛ የለም" አለ።

"ትልቁ ቋጥኝ መሃል ስንጥቅ አለ። ሳጥኑን አፉ ላይ እንዳትተወው፤ ወደ ውስጥ ክተተው። እጅህን እስከ ትከሻህ ስደደው።"

"እባብ ቢኖርስ?"

"በክረምት እባብ ይተኛል።"

"ቢነቃስ?"

"እንግዲያው ሙልሬዲዎች ሁለተኛ ተርኬል ገደሉ ይባላላ።"

በማግስቱ ጠዋት ኔቭ ፒካፑን ከኮረብታው ሥር፣ የሽቦ አጥሩ በር ላይ አቆመ። ሣሩ አመዳይ ለብሶ ነጥቷል። መቀመጫው ላይ ለአዲሱ ሳጥን የሚሆን፣ ወረቀትና እርሳስ የያዘ አዲስ ምሳ ዕቃና ሻይ የያዘ ፔርሙዝ አለ። ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ለመውረድ ጊዜ ፈጀበት። የደከመው ጉልበቱ ብቻ አይደለም። ሚስቱ ከሞተች ወዲህ ጠዋት ጫማውን ሲያስር እንኳ ለማን ብዬ የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። አሁን ደግሞ ለማን ብሎ እንደሚወጣ አሰበ፤ ለአንድ ሽፍታ።

በሩ ላይ ማዘጋጃ ቤቱ ያቆመው ሰሌዳ አለ። ቀዩ ሙልሬዲ ሽጉጥ ጨብጦ ፈረስ ላይ ተቀምጧል፤ ስለ ጀግንነቱ ረጅም ጽሑፍ ከሥሩ ተጽፏል። ኔቭ መነጽሩን አድርጎ እስከ መጨረሻው አነበበው። የመጨረሻው መስመር "አንድ ፖሊስም እዚህ ሕይወቱ አልፏል" ይላል። ስሙን እንኳ አልጻፉትም። ኔቭ ምሳ ዕቃውን በንዴት ብብቱ ሥር ሸጎጠ፤ ፔርሙዙን አንጠለጠለና መውጣት ጀመረ።

ዳገቱ ከሥር ሲያዩት የሚመስለውን አይደለም። መንገዱ የፍየል መንገድ ነው፤ የባሕር ዛፍ ቅርፊት እየተላጠ የወደቀበት ስለሆነ ያንሸራትታል። ኔቭ ትንሽ ይሄድና ዛፍ ይደገፋል፣ ትንሽ ይሄድና ላንስን ይሰድባል። አንድ ካንጋሮ ከቁጥቋጦው አጠገብ ቆሞ አየው፤ ለመሸሽ እንኳ አልተቸገረም። "እይ፣ እይ" አለው ኔቭ። "የሚያስቅ ነገር አይቅርብህ።"

ጫፉ ላይ ሲደርስ አንድ ጠፍጣፋ ድንጋይ አገኘና ተዘረፈጠ። ሻዩን ቀድቶ ፉት አለ። ከዚያ አሻግሮ አየ። ሸለቆው ሙሉ ከእግሩ ሥር ተዘርግቷል፤ መንገዱ፣ ወንዙ፣ የቤቱ ቆርቆሮ ሳይቀር ይታያል። ከዚህ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሥር የሚመጣውን ፈረሰኛ ከመነሻው ጀምሮ እያየው ይቆያል። ኤሞስ ተርኬል የወጣው እየታየ ነበር ማለት ነው፤ እየታየ መሆኑንም ያውቅ ነበር ማለት ነው። ኔቭ ይህን ዕድሜውን ሙሉ አስቦት አያውቅም። "ይህን ሁሉ ዳገት በፖሊስ ቦት ጫማ ነው የወጣኸው?" አለው ጮክ ብሎ። አንጀቱን በላው፤ ሰውዬው ሲሞት የኔቭን የልጅ ልጅ ነበር የሚያህለው።

ስንጥቁን ለማግኘት አልተቸገረም። አፉ ላይ ከብሪዝበን የመጣው ሰው የተወው ምሳ ዕቃ አለ፤ ማለት የተረፈው። ላስቲኩ በበጋው ፀሐይ ተሰነጣጥቆ፣ የተረፈውን አይጥ በልቶት፣ ወረቀቱ ሙልጭ ብሎ ጠፍቷል። ኔቭ ስብርባሪውን ለቅሞ ኪሱ ከተተ። ከዚያ በሆዱ ተኛና አዲሱን ሳጥን ይዞ፣ እንደ ታዘዘው፣ እጁን እስከ ትከሻው ሰደደ።

መጨረሻው ላይ ድንጋይ ገጠመው። ገፋው፤ አልተነቃነቀም። በጣቶቹ ዳሰሰው። ሰፊው ጎኑ ወደ ውጭ፣ ጠባቡ ወደ ውስጥ ነው። ዙሪያው በጠጠር ተጠቅጥቋል፤ በግራ በኩል አንዲት ቀጭን ድንጋይ እንደ ሽብልቅ ገብታለች። ለማንም ሰው ይህ የቋጥኙ አካል ነው። ኔቭ ግን እጁ ባለበት ቀረ። የጥንቸል ጉድጓድ አደፋፈን ነው። ሽብልቋን በግራ የሚያስገባ ደግሞ በዋራንጊ አንድ ሰው ብቻ ነው። ስንቱን ጉድጓድ ከጎኑ ተንበርክኮ ሲደፍን አይቶታል!

ሽብልቋን ነቅንቆ አወጣት፤ ጠጠሩ ተንኮታኮተ፤ ድንጋዩ ወጣ። ከጀርባው የብረት ሳጥን ነበር፤ ወታደሮች ጥይት የሚይዙበት ዓይነት፣ አረንጓዴ። ጎትቶ ፀሐይ ላይ አወጣውና መቆለፊያውን ፈለቀቀ። ውስጡ ደረቅ ነው። ከላይ ወረቀት አለ፤ የማንም ስም አልተጻፈበትም።

ኔቭ ወረቀቱን አገላብጦ አየው። ከዚያ ኪሱ ውስጥ ያለው የምሳ ዕቃ ስብርባሪ ትዝ አለውና ነገሩ ተገለጠለት። ሳጥኑን ማንም አልሰረቀውም። ያ ሰው አልታየውም፤ ሳይታየው ሲቀር የራሱን አስቀመጠ። ከዚያ ወዲህ የመጣው ሁሉ አፉ ላይ ያለውን ምሳ ዕቃ እያገኘ፣ አገኘሁት እያለ፣ ደስ ብሎት ወረደ። የቀዩ ሙልሬዲን ሳጥን እስከ ዛሬ ያገኘው ሰው የለም።

ከወረቀቱ ሥር አንዲት የትንባሆ ቆርቆሮ ነበረች። ክዳኗ ላይ በላንስ ወላጋዳ ጽሕፈት "መጀመሪያ ላገኘ" ተብሎ ተጽፏል። ኔቭ በጥፍሩ ከፈታት። በጨርቅ ቁራጭ የተጠቀለለ፣ ዘውድ የተቀረጸበት የነሐስ ቁልፍ ወጣ። ከጀርባው ቀለበቱ ላይ ሰማያዊ ክር ቀርቷል። ክሩ አልተበጠሰም፤ በስለት ተቆርጧል።

የተርኬል ዘር በሙሉ ሲያወራው የኖረው ነገር መዳፉ ላይ ተቀምጦ ሲያየው ኔቭ የተሰማው ደስታ አልነበረም።

"ሌቦች!" ብሎ ጮኸ። በቀቀኖች ከዛፉ ላይ ተንጫጭተው ተነሱ። "የሌባ ዘር! ጥርሴን ያወለቅኸው እያወቅህ ነው? ቤቴ ተቀምጠህ፣ ቢራዬን እየጠጣህ፣ ኮቱ ድሮም ጎደሎ ነበር ያልከኝ ይህን ይዘህ ነው?"

ጩኸቱ ትንፋሹን ጨረሰበትና ድንጋዩ ላይ ተመልሶ ተቀመጠ። ለመቆጣት እንኳ ጉልበት ይጠይቃል፤ እሱ ያለው ጉልበት ደግሞ ለመውረጃ የሚበቃ ብቻ ነው። ቁጣው ሲወርድለት የላንስ ድምፅ ጆሮው ላይ መጣ። ውጣና አግኘው። ሰው ሳይቀድምህ አንተ አግኘው። አንድ ቀን ብቻ፣ አንተ ግትር።

ላንስ ሳጥኑን የደበቀው ለፈላጊ አይደለም። ከዋራንጊ ሰው ሁሉ ኔቭ ብቻ በሚያውቀው አደፋፈን ደፍኖ፣ ኔቭ ብቻ እንዲያገኘው ነው። እሱ ደግሞ ብትሞትም አልወጣም አለው። ከዚያ ያ መልእክት መጣ፤ ሳይሰረቅ አይቀርም የሚለው፤ ያነበበለትም እሱ ራሱ ነው። ፊቱን ወደ ግድግዳው ያዞረው ለምን እንደሆነ አሁን ገባው። ምን ዓይነት ሳጥን ነው አሉ? ምን ዓይነት? እሱም ብስኩትህን ብላ ይለው ነበር። ኔቭ መነጽሩን አወለቀና ዓይኑን በእጅጌው ጠረገ።

ሕጉ ሕግ ነው፤ የወሰደ ይተካል። ኪሱን ሁሉ ፈተሸ። ከላስቲክ ስብርባሪ፣ ከመኪናው ቁልፍና ከአንዲት የናና ከረሜላ በቀር ምንም አልነበረውም። ከረሜላዋን ቆርቆሮዋ ውስጥ አስቀመጣት። ወረቀቱ አናት ላይ ስሙን ጻፈ። የብረት ሳጥኑን ሰው በሚያየው ቦታ፣ ስንጥቁ አፍ ላይ አድርጎ፣ አዲሱን ምሳ ዕቃ እንዳመጣው ይዞ ወረደ።

ሱኒታ በሩ ላይ ስታየው ደነገጠች። "አባባ ኔቭ! ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ? ልብስዎ ምን ሆነ?"

"ዳገት ወጣሁ።"

"ውይ፣ በሞትኩት። አባባ ላንስን ጠዋት በጣም አሟቸው ነበር። ምግብም እምቢ ብለዋል። ብዙ አያስወሯቸው።"

ላንስ ነቅቷል፤ ግን ቀና አላለም። ኔቭ ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ምሳ ዕቃውን ኮመዲኖው ላይ ሲያኖረው ላንስ ድምፁን ሰማ።

"ይዘኸው ተመለስክ" አለ። "አልወጣህም።"

"ወጣሁ። አላስፈለገም። የድሮው አለ።"

ላንስ በቀጭን ድምፅ፣ "ምን ዓይነት ሳጥን ነው?" አለ።

ኔቭ በመልስ ፋንታ የላንስን እጅ ይዞ መዳፉን ከፈተና ቁልፉን አስቀመጠበት። ላንስ ማየት አላስፈለገውም፤ በአውራ ጣቱ ዘውዷን ዳሰሳት።

"የተሰረቀ መስሎኝ" አለ። "ኔቭ፣ የሰረቁት መስሎኝ። ባሳይህ ኖሮ… ያ ሰውዬ የለም ሲል፣ አለቀ፣ ጠፋ አልኩ። አንዳንዴ ደግሞ ምናልባት አልታየው ይሆናል እላለሁ። ግን ማንን ልላክ? አንተን ልኬህ ባይኖርስ? አንዱ እንኳ የብረት ሳጥን አገኘሁ ቢል ብዬ…"

"እና እኔ ሳጥን ሳጥን ነው እያልኩ አደርቅሃለሁ።"

"ታደርቀኛለህ።"

"ከየት አመጣኸው?"

"እናቴ ከሞተች በኋላ ከመስፊያ ዕቃዋ መሃል። ሁሉም ሳያውቁ አልቀሩም፤ እኔ ብቻ ነኝ የማላውቅ። ስንደባደብ አላውቅም ነበር፣ ኔቭ። በእናቴ እምላለሁ።"

"ታዲያ ለምን በእጄ አልሰጠኸኝም? ይኸው ቤቴ፣ ይኸው በሬ!"

"መጥቼ ነበር። በርህ ላይ ቆሜ ተመለስኩ። ምን ልበልህ? ቁልፋችሁን ይኸው፣ ይቅርታ ዘገየን ልበልህ? ትመታኝ ነበር።"

"እመታህ ነበር።"

"አየህ።"

ኔቭ የሚጠዘጥዘውን ጉልበቱን አሸት አሸት አደረገ። "ተቆጥቼብሃለሁ" አለ። "ዝም ስላልኩ የተውኩት እንዳይመስልህ። ነገም እቆጣሃለሁ።"

"ነገ ካለሁ ተቆጣኝ።" ላንስ ትንሽ አረፈና፣ "ሙዚየም ውሰደው። ሙልሬዲዎች ጋ ነበር ብለህ ንገራቸው። ሳትደብቅ" አለ።

"እነግራቸዋለሁ።"

"ምን ተካህበት?"

"የናና ከረሜላ።"

የላንስ ትከሻ በሳቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። "ለንግሥቲቱ ፖሊስ ቁልፍ አንዲት ከረሜላ! እናንተ ተርኬሎች እኮ ስስታምነት ዘራችሁ ነው።"

"ዝም በል፣ አንተ ሽፍታ። ልብህን ይዘህ ሳቅ።"

ሳቁ ሲያልፍ ላንስ ወደ ታብሌቱ ጠቆመ። "መልእክት ካልላክህ አላገኘህም። ደንብ ነው።"

ኔቭ አጉረመረመ። ስሙን ለማስመዝገብ ሱኒታ ተጠራች፤ መጥታ በስልኩ አስመዘገበችውና ወደ ሥራዋ ሄደች። እሱም በአንድ ጣቱ ፊደል እየለቀመ ጻፈ፤ ሲሳሳት እያጠፋ፣ ሲያጠፋ እየተሳደበ። ላንስ ዓይኑን ጨፍኖ ይጠብቃል። በመጨረሻ ላከው። ኮመዲኖው ላይ ታብሌቱ ጢን አለ፤ ላንስ ከትራሱ ቀና አለ።

"አንብብልኝ" አለ።

"እኔ እኮ ነኝ የጻፍኩት።"

"አንብብልኝ።"

ኔቭ መነጽሩን አስተካከለ። "'አገኘሁት። የብረት ሳጥን ነው። ኔቭ ተርኬል።' አለቀ።"

ላንስ አንዴ ድገመው አለው፤ ደገመለት። ከዚያ ጭንቅላቱን ትራሱ ላይ መለሰና ወዲያው እንቅልፍ ወሰደው። ቁልፉ በግራ እጁ ጭብጥ ውስጥ ነበር። ኔቭ ሊቀበለው እጁን ዘረጋ። ያ ጭብጥ ሸምግሏል፤ ቆዳው አጥንቱ ላይ ተጣብቋል፤ ግን አጥብቆ ይዟል። ኔቭ ትንሽ አየውና እጁን መለሰ።

ሱኒታ ብርድ ልብስ ልታለብሰው ስትመጣ ጭብጡን አየች። "ምን ይዘው ነው? እንዳይውጡት ልቀበላቸው?"

"ተይው" አለ ኔቭ፣ ወንበሩን ተደግፎ እየተነሣ። "የኮት ቁልፍ ነው። የቅድመ አያቴ ነው። እሱ ሲለቀው እወስደዋለሁ።"